የትንበያ ገበያ ዋጋ 62 ሳንቲም ሲሆን ምን እየነገረን ነው?

ሚዛን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በትንበያ ገበያ ላይ የሚሸጠው ውል በጣም ቀላል ነው፦ የተባለው ነገር ከሆነ 1 ዶላር ይከፍላል፣ ካልሆነ ምንም አይከፍልም። ይህ ውል በ62 ሳንቲም ሲገበያይ ጋዜጦች «ገበያው 62 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል» ብለው ይጽፋሉ። ከጀርባው ያለውን አመክንዮ ኢኮኖሚክስ የቀመሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬድሪክ ሃየክ በ1945 እንዳስረዳው፣ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ የሚገኘውን ዕውቀት አንድ ማዕከላዊ አካል ሰብስቦ ሊይዘው አይችልም፤ ዋጋ ግን ያለማንም ትእዛዝ ያጠራቅመዋል። የሚያውቅ ይገዛል፣ ሳያውቅ የደፈረ ይከስራል፣ ዋጋውም እያደር ወደ እውነቱ ይጠጋል። እኔም ይህን ሳልጠራጠር ተቀብዬ ኖሬአለሁ።

ጥርጣሬ የገባኝ ራሴ ልሞክረው ስነሳ ነው። አንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ ከምርጫ ውድድሩ ራሱን እንደሚያገልል በጓደኞቼ ፊት «ያለ ጥርጥር» እያልኩ እከራከር ነበር። ገበያው ላይ ውሉ የሚሸጠው በ30 ሳንቲም ነበር። አፌ እንደሚለው ቢሆን ኖሮ ያለኝን ሁሉ ማስያዝ ነበረብኝ፤ እርግጠኛ የሆንኩበትን 1 ዶላር በ30 ሳንቲም የሚሸጥልኝ ሰው ተገኝቷልና። ነገር ግን «ስንት ውል ይገዛሉ?» የሚለው ባዶ ሣጥን ፊቴ ሲመጣ እጄ ቆመ። መጀመሪያ 100 ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። 20 ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ ምንም ሳልገዛ ገጹን ዘጋሁት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀድሞ «አምናለሁ» ስል የነበረው ነገር ምን እንደነበር ራሴን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ዋጋው በእርግጥ ዕድልን ይለካል ወይስ ገንዘብ የተረፋቸውን ሰዎች ምኞት? ሰው ገንዘቡ ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ከሆነ በፖለቲካ እምነቱ ላይ ለምን እንደዚያ አይጠነቀቅም? ገበያው ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ከሆነስ ለምን ውሳኔውን ራሱን አንተውለትም?

ቀመር

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ እወስዳለሁ። አጭሩ መልስ «በግምት፣ አዎ» የሚል ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ያለው «በግምት» የሚለው ቃል ውስጥ ስለሆነ እሱን ዘርዘር ላድርገው።

በ2006 ቻርልስ ማንስኪ የተባለው ኢኮኖሚስት የሚከተለውን አሳየ። በገበያው ያሉት ሰዎች ሁሉ እኩል ገንዘብ አላቸው፣ ሁሉም ያላቸውን በሙሉ ያስይዛሉ እንበል። ከዋጋው በላይ ዕድል የሚሰጥ ሰው «ይሆናል» የሚለውን ውል ይገዛል፤ በታች የሚሰጥ «አይሆንም» የሚለውን ይገዛል። ሂሳቡ ሲሠራ ዋጋው 62 ሳንቲም ላይ የሚረጋው «ይሆናል» ያሉት ሰዎች ከመቶው 62 ሲሆኑ ነው። ከዚህ ተነስተን የምናውቀው 62ቱ ከ62 በመቶ በላይ፣ 38ቱ ደግሞ ከዚያ በታች ማሰባቸውን ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ከ62 በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለ ግምት ቢኖራቸውና ሁለተኞቹ «ፈጽሞ አይሆንም» ቢሉ የሁሉም አማካይ እምነት ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ፍጹም እርግጠኞች ቢሆኑና ሁለተኞቹ ከ62 በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ቢሉ ደግሞ አማካዩ ወደ 86 በመቶ ይወጣል። ዋጋው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው 62 ሳንቲም ነው።

ይህ ክርክር ገበያውን ገደል የከተተ ቢመስልም፣ በዚያው ዓመት ጀስቲን ዎልፈርስና ኤሪክ ዚትዘዊትዝ ደካማ ጎኑን ለይተው አወጡት፤ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ በአንድ ውርርድ ላይ አያፈሱም። እያንዳንዱ ሰው የሚያስይዘው በእምነቱና በዋጋው መካከል ባለው ርቀት ልክ ከሆነ፣ ዋጋው የአማካዩ እምነት እጅግ ቅርብ መግለጫ ይሆናል።

ሚዛን፣ ሣጥኑ ፊት የገጠመዎት ነገር ይኸው ነው። ጆን ኬሊ የተባለው የቤል ላቦራቶሪ ሳይንቲስት በ1956 ባወጣው ቀመር መሠረት፣ ገንዘቡ በረጅም ጊዜ እንዲያድግለት የሚሻ ሰው ከሀብቱ ምን ያህሉን ማስያዝ እንዳለበት የሚያውቀው ከእምነቱ ላይ ዋጋውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን ከ1 ላይ ዋጋው ሲነሳ ለሚቀረው በማካፈል ነው። በ30 ሳንቲም ዋጋ ላይ ፍጹም እርግጠኛ የሆነ ሰው ለዚሁ ብሎ የመደበውን ገንዘብ በሙሉ ያስይዛል። ዕድሉ 40 በመቶ ነው ብሎ የሚያምን ሰው 14 በመቶውን፣ 32 በመቶ ነው የሚል ደግሞ 3 በመቶ የማይሞላውን ብቻ ያስይዛል። 100 ጽፈው ማጥፋትዎ፣ 20 ጽፈው ማጥፋትዎ፣ በመጨረሻም መተውዎ፣ እምነትዎ ከ30 በመቶ እንደማይርቅ ራስዎ ለራስዎ የሰጡት ምስክርነት ነው። ከጓደኛ ጋር በሚደረግ ክርክር ማንም «ስንት?» ብሎ አይጠይቅዎትም፤ ገበያው ግን የሚጠይቀው ያንኑ ብቻ ነው።

ዋጋው ከዕድል ጋር በግልጽ የሚለያይበት አንድ ሥፍራ ግን አለ፤ እሱም ዋጋው ወደ 0 ወይም ወደ 1 ዶላር የተጠጋበት ጫፍ ነው። ዳኒኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እንዳሳዩት ሰዎች ለትናንሽ ዕድሎች ከሚገባው በላይ ክብደት ይሰጣሉ፤ በፈረስ እሽቅድምድም ውርርድም ማንም የማይጠብቃቸው ፈረሶች ከሚገባቸው በላይ ተወዳጅ መሆናቸው ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር። ጥያቄው ይህን ስሕተት አዋቂዎቹ ለምን እንደማያርሙት ነው። የመሆን ዕድሉ ከ1 በመቶ የማይበልጥ ነገር በ4 ሳንቲም ሲሸጥ አዩ እንበል። ለማረም «አይሆንም» የሚለውን በ96 ሳንቲም ገዝተው አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃሉ፤ የሚያገኙት 4 ሳንቲም ነው፣ ይህም 4.2 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚያው ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ 5 በመቶ የሚከፍል ከሆነ ስሕተቱን አይተው ዝም ማለትዎ ትክክለኛ ስሌት ነው።

ክፍያ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። ፕሬዲክትኢት የተባለው መድረክ ለብዙ ዓመታት ከትርፍ ላይ 10 በመቶ፣ ገንዘብ ሲወጣ ደግሞ 5 በመቶ ይቆርጥ ነበር። በ96 ሳንቲም ገዝተው ትክክል ሆነው ተገኙ እንበል። ከ4 ሳንቲሙ ትርፍ 0.4 ሳንቲም ይቀነሳል፣ 99.6 ሳንቲም ይቀርዎታል፤ ያንን ከመድረኩ ሲያወጡ 5 በመቶው ተቆርጦ የሚደርስዎት 94.6 ሳንቲም ነው። ትንበያዎ ትክክል ሆኖ ሳለ ኪሳራ ላይ ወደቁ ማለት ነው። በዚያ መድረክ ላይ ብዙ ዕጩዎች በሚወዳደሩበት ምርጫ የሁሉም ዋጋ ሲደመር ከ1 ዶላር አልፎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት እንጂ ተገበያዮቹ መደመር ስለማይችሉ አልነበረም። ስለዚህ የ4 ሳንቲም ዋጋ ሲያዩ «4 በመቶ» ብለው አያንብቡት፤ «ከዚህ በታች ሊያወርደው የሚከፈለው ሰው የለም» ብለው ያንብቡት።

በመካከለኛው ክልል ግን ታሪኩ ደህና ነው። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ አንድ ሰው ከ500 ዶላር በላይ የማያስገባበት ትንሽ የምርምር ገበያ ይዟል። እስከ 2004 በተካሄዱ አምስት የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች የገበያው ዋጋ ከ964 የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ጋር ሲነጻጸር 74 በመቶውን ጊዜ ወደ ውጤቱ የቀረበው ገበያው ነበር። አንዳንድ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት ማነጻጸሪያውን ተቃውመዋል፤ ከምርጫው ወራት በፊት የተሰበሰበ አስተያየት የዚያን ቀን ስሜት እንጂ የመጨረሻውን ውጤት እተነብያለሁ አላለምና፣ በዚያ ልክ ቢታረም ከገበያው አያንስም ብለው ተከራክረዋል። እኔ ተቃውሟቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል።

ታዛቢ

ቀመር ያስረዱት ሁሉ የሚያስማማኝ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

አንተኒ ዳውንስ በ1957 ያቀረበው ሐሳብ መነሻ ይሆነናል። በትልቅ ምርጫ የአንድ ሰው ድምፅ ውጤቱን የመለወጥ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። በ2008 የአሜሪካ ምርጫ ላይ የተሠራ ስሌት ለአማካዩ መራጭ ከ60 ሚሊዮን አንድ ገደማ አድርጎታል። ትክክለኛው ሰው መመረጡ ለእርስዎ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ቢሆን እንኳ፣ ያን በ60 ሚሊዮን ሲያካፍሉት ድምፅዎን በደንብ አስቦ መስጠት የሚያስገኝልዎት ጥቅም የአንድ ሳንቲም ስልሳኛ ነው። ለዚህች ሲል የበጀት ሰነድ የሚያነብ ሰው ብዙ አይጠበቅም። ብራያን ካፕላን ነገሩን አንድ እርምጃ ወስዶታል፦ መራጩ አለማወቁ ብቻ ሳይሆን፣ ልቡን ደስ የሚያሰኘውን እምነት ያለ ዋጋ መያዝ ይችላል። መሳሳት ነጻ በሆነበት ቦታ ስሕተት ይበዛል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሁለቱን ፓርቲ ደጋፊዎች ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ጦርነት ጉዳት የመሳሰሉ፣ ቁጥራቸው የታወቀ ጥያቄዎችን ጠይቀው ነበር። መልሱ እንደተለመደው በፓርቲ ተከፈለ። ከዚያ ለትክክለኛ መልስ ትንሽ ገንዘብ እንደሚከፈል ሲነገራቸው ክፍተቱ በጉልህ ጠበበ፤ «አላውቅም» ለሚለው መልስም ጥቂት ሲከፈል ይበልጥ ጠበበ። ይህንን ውጤት ሳስበው የሚደንቀኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ አለማወቃቸውን ያውቁ ነበር፤ «አላውቅም» ማለት ግን ለራስ ወገን አለመቆም መስሎ ታያቸው። የተጠየቁት ስለ ቁጥር ነው፣ የመለሱት ስለ ታማኝነታቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይህንን ውጤት ይዘው መራጩን እንደ ሞኝ የሚያዩበት ልማድ አላቸው፤ ትክክል አይደለም። መራጩ ሲመርጥ ከትንበያ ሌላ ሥራም እየሠራ ነው፦ ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ምንን እንደማይታገሥ በአደባባይ እየገለጸ ነው። ስታዲየም ገብቶ ለቡድኑ የሚጮህ ሰው ጩኸቱ ጎል እንደማያስገባ ያውቃል፤ የሚጮኸው በስሌት ስሕተት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ጩኸት እኛ እንደ ትንበያ ስንቆጥርለት፣ ወይም እሱ ራሱ ወደ ገበያ ይዞት ሲገባ ነው።

ይዞት ይገባልም። የአይዋውን ገበያ ያጠኑት መሥራቾቹ በ1992 እንዳስነበቡት፣ ተገበያዮቹ የሚደግፉትን ዕጩ አብዝተው ይገዙ ነበር፤ ክርክር በቴሌቪዥን ከተመለከቱ በኋላም አሸነፈ የሚሉት የራሳቸውን ዕጩ ነበር። ዋጋው ግን አልተዛባም። ምክንያቱም ዋጋ የሚቀመጠው በሁሉም ሰው አማካይ ድምፅ ሳይሆን፣ ንቁ ሆነው ልዩነት በታየ ቁጥር በሁለቱም ወገን ለመግዛትም ለመሸጥም በሚዘጋጁ ጥቂት ሰዎች ነው። በምርጫ ግን የእነዚያ ጥቂቶች ድምፅ የሚቆጠረው እንደ ማንኛውም ሰው አንድ አንድ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ግን የሦስተኛው ጥያቄ ጉዳይ ስለሆነ ለሌሎች እተወዋለሁ።

አንድ የታሪክ ማስታወሻ ብቻ ልጨምር። ይህ ገበያ አዲስ ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ በዎል ስትሪት አካባቢ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከፍተኛ የምርጫ ውርርድ ይካሄድ ነበር፣ ጋዜጦችም ዋጋውን በየዕለቱ ያትሙ ነበር። ከ1884 እስከ 1940 ባሉት 15 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች፣ ከምርጫው አንድ ወር በፊት በግልጽ ይመራ የነበረ ዕጩ የተሸነፈው አንዴ፣ በ1916 ብቻ ነው። ዘመናዊው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ በ1930ዎቹ ሲመጣ የጋዜጦቹ ፍላጎት ወደዚያ ዞረ፤ ውርርዱም ተዳከመ።

ሚዛን (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኬሊን ስሌት ወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት፤ ሣጥኑ ምን ሲጠይቀኝ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ይሁንና አንድ ነገር አልተፈታልኝም። ታዛቢ ዋጋውን የሚያስተካክሉት ጥቂት ንቁ ሰዎች ናቸው ብለዋል። ታዲያ ከጥቂቶቹ አንዱ እጅግ ባለጠጋ ሆኖ ዋጋውን ወደ ፈለገበት ቢገፋውስ? በ2024 ፖሊማርኬት በተባለው የትንበያ ገበያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አስይዞ ሲገዛ ብዙዎች «ገበያው ተበላሸ» ብለው ነበር።

ዘገምተኛ

ስለ ትልቁ ገዢ ከተነሳ ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

በ2012 ኢንትሬድ በተባለው፣ መቀመጫውን አየርላንድ ባደረገ መድረክ ላይ አንድ ተገበያይ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የተሸነፈውን የሚት ሮምኒን ውሎች ያለማቋረጥ ይገዛ ነበር። ግብይቱን በኋላ የመረመሩ ሊቃውንት እንዳገኙት በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት በሮምኒ ላይ ከተወራረደው ገንዘብ ሲሶው ገደማ የእሱ ነበር፤ ኪሳራውም ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተጠግቷል። በዚያ ሰሞን የሮምኒ ዋጋ በኢንትሬድ ላይ ቤትፌር ከተባለው የእንግሊዝ መድረክ ይልቅ ከፍ ብሎ ቆየ። አንድ ዓይነት ውል በሁለት ገበያ ሁለት ዋጋ ሲኖረው፣ ከርካሹ ገዝቶ በውዱ የሚሸጥ ሰው ያለ ምንም ስጋት ማትረፍ ነበረበት። ነገር ግን ገንዘብ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ማዘዋወር አዝጋሚና ውድ ነበር፤ ሕጉም ሁሉም ሰው በሁለቱም ቦታ እንዲገበያይ አይፈቅድም ነበር። ያ ሰው ዋጋውን ሊያቆመው የቻለው ሀብታም ስለነበረ ብቻ ሳይሆን የሚቃወመው ገንዘብ ወደዚያ የሚፈስበት ቦይ ጠባብ ስለነበረ ነው።

በ2024 ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ ተገበያይ ዶናልድ ትራምፕ ያሸንፋል ብሎ በብዙ ሂሳቦች ሥር ገዛ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ድርጊቱ ከ2012ቱ በምንም አይለይም። በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው ግን የራሱን የአስተያየት ጥናት አሠርቶ ነበር፤ በዚያም ሰዎች የተጠየቁት «እርስዎ ማንን ይመርጣሉ?» ተብለው ሳይሆን «ጎረቤቶችዎ ማንን የሚመርጡ ይመስልዎታል?» ተብለው ነው። ሐሳቡን ለመናገር የሚያፍር ሰው የጎረቤቱን ለመናገር አያፍርም። ሰውዬው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አተረፈ።

እኔ ከዚህ የምወስደው «ገበያው ትክክል ነበር» የሚለውን አይደለም። በ60 ሳንቲም አካባቢ የነበረ ነገር መሆኑ፣ ዕድሉ 60 ነበር ለሚለውም 50 ነበር ለሚለውም ከሞላ ጎደል እኩል የሚስማማ ማስረጃ ነው፤ አንድ ምርጫ አንድ ምልከታ ብቻ ነውና። የምወስደው ሌላ ነገር ነው፦ ዋጋን አዛብቶ መያዝ የሚፈልግ ሰው ለሌሎች ድግስ ይደግሳል። ኢኮኖሚስቶቹ ሮቢን ሃንሰንና ራያን ኦፕሪያ እንዳሳዩት፣ አዛቢ አለ ተብሎ ሲጠረጠር እሱን ለመብላት የሚመጣው አዋቂ ስለሚበዛ ዋጋው እንዲያውም ሊሻሻል ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን አዋቂዎቹ የሚገቡበት በር ክፍት ሲሆን ብቻ ነው፤ በ2012 ጠባብ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ውሳኔን ለገበያ እንስጥ የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያቀረበው ያው ሃንሰን ነው፤ የምንፈልገውን በድምፅ እንወስን፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ በውርርድ እንወቅ ይላል። ለምሳሌ «ይህ ፖሊሲ ከጸደቀ ዕድገት ስንት ይሆናል» እና «ካልጸደቀ ስንት ይሆናል» የሚሉ ሁለት ገበያዎች ተከፍተው፣ የተሻለ ዋጋ ያወጣው ይተገበራል። ሐሳቡ ቢያስደስተኝም አንድ ጉድጓድ አለበት። «ሆስፒታል ከገባ በዓመቱ ውስጥ ይሞታል» የሚለው ውል «ካልገባ» ከሚለው በጣም ውድ እንደሚሆን ጥርጥር የለውም። ሆስፒታሉ ስለሚገድል አይደለም፤ ወደዚያ የሚገባው የታመመ ሰው ስለሆነ ነው። ፖሊሲም እንዲሁ ነው። አስቸኳይ እርምጃ የሚጸድቀው ነገሮች ሲከፉ ከሆነ፣ «ከጸደቀ» የሚለው ገበያ የመክፋቱን ዜና አብሮ ይሸጣል። ገበያው አብሮ መሄድን በደንብ ይለካል፤ ምክንያትን ግን ከዚያ ለይቶ አያወጣም። በዕጣ የተወሰኑ ጥቂት ውሳኔዎችን ማስገባት ችግሩን እንደሚያቃልል ተጽፏል፤ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ በዕጣ የሚወስን መንግሥት ግን እስካሁን አላየሁም።

ሌላውን ከራሴ ኑሮ ልናገር። ቀድሞ በሠራሁበት ድርጅት አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ ነበረብን። በየሳምንቱ ስብሰባ ሁላችንም ተራ በተራ «በቀኑ ይደርሳል» እንል ነበር፤ እኔም ብያለሁ። አንድ ባልደረባችን ስም በማይታይበት መንገድ በነጥብ የሚካሄድ ትንሽ ገበያ ከፈተ፤ ጥያቄውም «ሥራው በቀነ ገደቡ ይጠናቀቃል?» የሚል ነበር። በ50 የተከፈተው ዋጋ በሦስት ቀን 20 አካባቢ ወረደ። ቁጥሩን በስክሪኔ ላይ ሳየው የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። ሥራው ከቀነ ገደቡ ሁለት ወር ዘግይቶ አለቀ።

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ዋጋው ከወረደ በኋላ ሰዎች እርስ በርስ መጠራጠር ጀመሩ፦ «አይደርስም» ብሎ ያስያዘው ማነው? ሥራውን ሆን ብሎ ያዘገየ ይሆን? ቀድሞ ሌሊት ሳይቀር አብረን እንቆይ የነበርን ሰዎች ማታ በሰዓቱ መውጣት ጀመርን፤ «ገበያው አስቀድሞ ተናግሮታልና» እየተባለ። ኃላፊው ገበያውን ዘጋው፤ በጊዜው ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ግን ከፊል ምክንያት እንደነበረው አምናለሁ። በእስራኤል ሐይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ትዝ ይለኛል። ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ቅጣት እንዲከፍሉ ሲደረግ የዘገዩት ቁጥር ቀነሰ ሳይሆን ወደ እጥፍ ጨመረ፤ ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ይሉኝታ የነበረው ነገር የሚገዛ አገልግሎት ሆኖ አረፈ። ዋጋ መረጃ ብቻ አይደለም፤ የተለጠፈበትን ነገር ይለውጠዋል።

በ2003 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ተመራማሪ ክፍል በመካከለኛው ምሥራቅ ፖለቲካዊ ሁኔታ ላይ የትንበያ ገበያ ሊከፍት ሲል፣ ሁለት ሴናተሮች «በሽብር ላይ መወራረድ ነው» ብለው በአደባባይ በተቃወሙ ማግሥት መሰረዙን ብዙዎች እንደ አላዋቂነት ያነሱታል። ተቃውሞው በመረጃ ረገድ ደካማ ነበር፤ ሰው ሊነካው የማይፈልገው ነገር እንዳለ ግን በትክክል ይዞ ነበር።

ቀመር

ዘገምተኛ ስለ ምክንያትና አብሮ መሄድ የጻፉት ሊደመጥ የሚገባው ነው። እኔ አንዲት ነጥብ ብቻ ላክል፦ ገንዘብ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በ1950 ግሌን ብራየር የተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ ትንበያን የሚመዝን ቀላል ነጥብ አወጣ፤ «ይሆናል» ያሉበትን ዕድል ከውጤቱ ጋር አቀናንሰው ልዩነቱን በራሱ ማባዛት ነው። 90 በመቶ ብሎ የተሳሳተ 0.81፣ 60 በመቶ ብሎ የተሳሳተ 0.36 ይመዘገብበታል፤ ትልቁ ቁጥር የከፋው ነው። ፊሊፕ ቴትሎክና ባልደረቦቹ ከ2011 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችን በዚህ ነጥብ እየመዘኑ ባካሄዱት ውድድር፣ ጎን ለጎን የተካሄደው የትንበያ ገበያ ከሰዎቹ ተራ አማካይ በልጦ ነበር፤ የቀደመ ውጤታቸው ታይቶ ክብደት ሲሰጣቸው ግን አማካዩ ከገበያው ተሻለ። እኔ ለሦስት ዓመት በማስታወሻ ደብተር እንዲህ ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ «90» የምላቸው ነገሮች ሲቆጠሩ የሆኑት ከ10 ውስጥ 7 ያህሉ ናቸው።

ሚዛን (ጠያቂ)

ከእናንተ መልስ በኋላ ተመልሼ ገጹን ከፈትኩት፤ ውሉ ገና ስላልተዘጋ ዋጋው እንደ ድሮው 30 ሳንቲም ነው። በዚህ ጊዜ ግን ዋጋውን ከማየቴ በፊት የራሴን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ 35። በኬሊ ስሌት ለዚሁ ከመደብኩት ገንዘብ 7 በመቶውን ማስያዝ ማለት ነው።

ከመግዛቴ በፊት ግን ከዚህ ቀደም አንድም ጊዜ ያላነበብኩትን የውሉን ዝርዝር ደንብ አነበብኩት። ውሉ የሚከፍለው ሰውዬው ራሱ በአደባባይ «ከውድድሩ ወጥቻለሁ» ብሎ ካስታወቀ፣ ያንንም ከተወሰነው ቀን በፊት ካደረገ ብቻ ነው። ቅስቀሳውን ዝም ብሎ ቢያቆም አይቆጠርም፤ ፓርቲው ቢያነሳው አይቆጠርም። እኔ ለወራት ስከራከርበት የነበረው እነዚህን ሁሉ ጨምሮ ነበር። ደንቡ የሚጠይቀውን ብቻ ለይቼ ሳስበው ቁጥሬ 28 ሆነ።

ስለዚህ «ያለ ጥርጥር» ስል የነበርኩት ሰው በ2 ሳንቲም ልዩነት ከሻጮቹ ወገን ሆኜ ተገኝቻለሁ። የመድረኩ ክፍያ ከ2 ሳንቲም ስለሚበልጥ አልሸጥኩም። 28 የሚለውን ከነቀኑ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ውሉ ሲዘጋ የብራየር ነጥቤን እዚሁ ገብቼ አሳውቃችኋለሁ።